ጠብቆ የታሰረ ዳንቴል

ፌራዮ ማለት ለሕንፃ ብረት የሚያስር ሰው ነው። አርባ አንድ ዓመት ብረት ሲያስር የኖረውን ይህን ሰው ግን ፌራዮ ብሎ የሚጠራው አልነበረም። የሥራ ጓደኞቹ ገና በጎረምሳነቱ "ጉጠት" አሉት፤ ሽቦ ጠምዝዞ የሚቆርጥበት መሣሪያ ስሙ ሆኖ ቀረ። ፀጉሩ ሲሸብት ሠፈሩ "ጋሽ" ጨመረበትና ጋሽ ጉጠት ሆነ። ቁመቱ አጠር፣ ትከሻው ሰፋ ያለ፣ ነገር የማያበዛ ሰው ነው። አንድ ነገር ከያዘ ግን ወይ ፍንክች።

ስለ ሙያው ሲጠየቅ መልሱ ሁልጊዜ ያው ነበር። "የእኔን ሥራ ያየ ሰው የለም። ያየ ቀን ሕንፃው ፈርሷል ማለት ነው" ይላል። እውነቱን ነው። ፌራዮ ቀኑን ሙሉ አጎንብሶ ብረት በብረት ላይ አነባብሮ፣ መጋጠሚያውን ሁሉ በሽቦ ቋጥሮ ሲጨርስ በማግሥቱ ሲሚንቶ ይፈስበታል። ከዚያ ወዲያ ሰው የሚያደንቀው ቀለሙንና መስኮቱን ነው።

ሚስቱ ደግሞ ዳንቴል ሠሪ ናት። ሥራዋ ከነጭ ክርና ከአንዲት ቆልማማ የኪሮሽ መርፌ በቀር ሌላ ዕቃ አይፈልግም። የትራስ ጠርዝ ሠርታለች፣ የጠረጴዛ ልብስ ሠርታለች፣ የመጋረጃ ግርጌ ሠርታለች። ስሟን የተከለችው ግን በሳህን ክዳን ነው፤ ዝንብ ምግብ ላይ እንዳያርፍ የሚደፋ፣ እንደ ጉልላት የቆመ ዳንቴል። ሠፈሩ እትዬ ዳንቴል ይላታል። ባሏን መተንኮስ ስትፈልግ፣ "የአንተ ሥራ ሲያልቅ ይቀበራል፤ የእኔ ሲያልቅ ጠረጴዛ ላይ ይወጣል" ትለዋለች። እሱም ይስቃል። በሚስቱ ሥራ የሚኮራውን ያህል በሠራቸው ፎቆች ኮርቶ አያውቅም።

ክር እንዴት ይቆማል ለሚል ሰው፣ ዘዴው እንዲህ ነው። ትንንሽ ክብ አበባዎች ለየብቻ ይሠሩና ጫፍ ለጫፍ ይያያዛሉ። ተያይዞ ያለቀው ዳንቴል ወፍራም የስኳር ውሃ ውስጥ ይነከራል። ከዚያ ጠርዙን ብቻ ይዞ በችንካር ላይ ይሰቀላል። ክብደቱ ወደ ታች ይስበውና ሆድ ያወጣል፤ እንደዚያው ሆኖ ይደርቃል። ሲደርቅ ይገለበጣል። ሆድ የነበረው ጣሪያ ይሆናል። "ስኳሩ ጉንዳን አይጠራም?" የሚሏት ደንበኞች ነበሩ። "ጉንዳንም እኮ ጥሩ ሥራ ያውቃል" ትላቸዋለች።

ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ጠዋት የሻይ ብርጭቆ ከእጇ ወደቀ። "ምን ነካሽ?" ብሎ ቀና ሲል ከንፈሯ ወደ አንድ ወገን ሄዷል። ሐኪም ቤት ሦስት ሳምንት ተኛች። እግሯ ቀስ በቀስ ተመለሰላት፤ ከንፈሯም ተስተካከለ። ምላሷማ ድሮም ጤፍ የሚቆላ ነው፤ በሽታውም እሱን ለመንካት የደፈረ አይመስልም። ቀኝ እጇ ግን ቀረ። ጭኗ ላይ ሰው ረስቶት የሄደ ዕቃ መሰለ።

ከሐኪም ቤት በወጣችበት ቀን፣ ገና በሩን ከመዝጋቱ፣ "ማልልኝ" አለችው።

"ምን ብዬ?"

"ይህ እጅ እንደሞተ ማንም አይሰማም። ታማ ነበር ይበሉ፣ እግሯን ነው ይበሉ። እጇ ነው የተባለ ዕለት ግን እትዬ ዳንቴል የምትባል ሴት የለችም። ልጃችንም ብትሆን እንዳትሰማ።"

ማለ። መማል ቀላል ነው፤ የከበደው ከዚያ የመጣው ነው። ሥራዋን ተቀብላ የምትሸጥላት ባለሱቅ ስድስት ክዳን አዝዛ ነበር፤ ያለቁት ሁለት ናቸው። ሴትዮዋ ደጋግማ፣ "እትዬ፣ ለቀቅ ሲልዎት" እያለች ትልካለች። ጡረታ ወጥቶ ቤት የሚውለው ጉጠት ሁለት ቀን የሚስቱን ፊት ሲያይ ሰነበተና በሦስተኛው ቀን የክሩን ቅርጫት ወደ ራሱ ሳበ።

"እስቲ እኔ ልሞክር።"

ሚስቱ ከታመመች ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። "አንተ? በዚያ አካፋ በሚያህል እጅህ?"

"አንቺ ንገሪኝ እንጂ። እጁን ለእኔ ተዪው።"

የመጀመሪያዋ አበባ ሁለት ቀን ፈጀች፤ ስታልቅም የተረገጠ ጥንዚዛ መሰለች። ሁለተኛዋ ተሻለች። አሥረኛዋን ሚስቱ ሳትሳደብ አለፈቻት። ጉጠት ቀደም ሲል ያላሰበው ነገር አንድ ቀን ገባው፤ ብረት ሲያስር በኖረባቸው ዓመታት ሁሉ ይሠራ የነበረው ይህንኑ ነው፤ መስመር፣ መስመር፣ መጋጠሚያ፣ ባዶ ቦታ። ልዩነቱ ብረቱ ያደማል፤ ዳንቴሉ ደግሞ ዓይን ያፈዛል።

አንድ ነገር ብቻ እምቢ አለው። የእሷ አያያዝ ክሩን አንዴ አሳልፎ ልል አድርጎ መተው ነው፤ በቀለበቱ ውስጥ የስንዴ ፍሬ ትሾልካለች። የእሱ ጣት ግን የለመደውን አልረሳም። ፌራዮ ሽቦውን ሁለቴ ጠምጥሞ፣ ስቦ፣ ጫፉን ወደ ግራ ካላጠፈ ሲሚንቶ ሲፈስ ብረቱ ይንሸራተታል። ስለዚህ ክሩንም ሁለቴ ይጠመጥመዋል፤ ይስበዋል፤ ጫፉን ወደ ግራ ያጥፈዋል።

"አንተ ሰውዬ፣ እያነቅኸው ነው! ዳንቴል ነው እኮ፣ ሌባ አይደለም የምታስረው!"

"አልታወቀኝም።"

"ፍታው።"

ይፈታዋል። እንደገና ሲያስር እንደገና ያንቀዋል። "ፍታው" እያለች ወራት አለፉ። በኋላ እሷም ሰለቻት፤ ባለሱቋም ክዳኖቹን ስትወስድ ምንም አላለችም።

በር ሲንኳኳ የሚያደርጉትን ሁለቱም ለምደውታል። እሱ ሥራውን ከነመርፌው እሷ ጭን ላይ ያኖራል። እሷ ቀኝ እጇን ፎጣ ሥር ከታ ግራውን ክሩ ላይ ታሳርፋለች። እሱ ጋዜጣ ያነሣል። አንድ ጊዜ የጎረቤት ሴት ገብታ፣ "ጋሽ ጉጠት፣ ጋዜጣ ገልብጠው ነው እንዴ የሚያነቡት?" አለችው። "ዜናው እንደሆነ በየትኛውም በኩል ያው ነው" አላት። ልጃቸው ሩቅ አገር ሆና በየሳምንቱ ትደውላለች። "እማዬ፣ ምን እየሠራሽ ነው?" ትላለች። "ክዳን" ትላታለች እናቷ፤ ጉጠት አጠገቧ ቁጭ ብሎ አበባ እየቆጠረ።

እንዲህ ሆነው ሦስት ዓመት ኖሩ። ከዚያ አንዲት ሴት መጣች።

ዕድሜዋ አርባ ይሆናል። ፀጉሯን አጭር ተቆርጣለች፤ ሱሪዋ ላይ የደረቀ ጀሶ አለ፤ ብብቷ ሥር ካርቶን ይዛለች። ከባለሱቋ ጠይቃ ነው የመጣችው። "ቀራጺ ነኝ" አለች። "የድንጋይ?" አላት ጉጠት። "የተገኘው ሁሉ፤ አሁን አሁን ብረት።" ከካርቶኑ ውስጥ የሳህን ክዳን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

"እማማ፣ ይህን የሠሩት እርስዎ ነዎት?"

"ሌላ ማን ይሠራዋል?" አለች እትዬ ዳንቴል።

ቀራጺዋ ከቦርሳዋ ጡብ የሚያህል መጽሐፍ መዘዘችና ክዳኑ ላይ ጫነችው። ጉጠት ሊጮህ ነበር። ክዳኑ ግን ትንሽ እንኳ ሳይጎብጥ ቆመ።

"ቤቴ ውስጥ ዓመት ሙሉ እንዲህ ተሸክሞ ነው የኖረው" አለች።

"መጽሐፉ የሚነበብ አይደለም ማለት ነው" አለ ጉጠት።

ሴትዮዋ ሳቀች። ከዚያ ማንም ያልጠየቃትን ነገር ተናገረች፤ በቅንነት፣ ዓይኗ እያበራ። "የድሮ ሥራዎችዎንም ሰብስቤአለሁ፣ እማማ። ቆንጆ ናቸው። ግን ትንሽ እርጥበት ሲያገኛቸው ይተኛሉ። የሚቆሙት ከሦስት ዓመት ወዲህ የሠሯቸው ናቸው። ምን ቀየሩ? እጅዎ የተባረከው እኮ ከሦስት ዓመት ወዲህ ነው!"

ጉጠት ወለሉን አየ።

"ዕድሜ ነው" አለች ሚስቱ በመጨረሻ። "ሰው ሲያረጅ ይጠብቃል።"

ቀራጺዋ የመጣችበትን ጉዳይ ነገረቻቸው። አዲስ የሚሠራ ቤተ መጻሕፍት አለ፤ መሃል ግቢው ባዶ ነው። አንባቢ የሚቀመጥበት ጥላ እንድትሠራ ተጠይቃለች። ስፋቱ አሥራ ሁለት እርምጃ። የምትፈልገው ይህን ክዳን ነው፤ አበባው ሳይቀር፣ በቀጭን ብረት፣ መሃሉ ላይ አንድም ምሰሶ ሳይኖረው። "ስለዚህ አያያዙን አንዴ በእጅዎ ቢያሳዩኝ..."

ጉጠት ወደ ሚስቱ ፎጣ አየ። ሚስቱ ግን ዓይኗን እንኳ አላርገበገበችም።

"አንተ፣ ና። መርፌውን ያዝ" አለችው። ወደ ሴትዮዋ ዞራ፣ "እኔ ስሠራ እጄ ይፈጥናል፤ አይታይሽም። የማያውቅ ሰው ሲሳሳት ስታዪ ነው የሚገባሽ። እሱን አይተሽ ተማሪ" አለች።

ጉጠት ተቀመጠ። ሆን ብሎ ተንቀራፈፈ፤ ክሩን ሁለቴ ጣለው፤ መርፌውን በተሳሳተ በኩል አስገባ። ሚስቱም ሆን ብላ አወረደችበት። "በግራ ነው ያልኩህ! ግራህን የት ጣልከው? ሠላሳ ስምንት ዓመት አብሮኝ ኖሮ ይኸው ነው፣ ልጄ፤ ትዳር እንዲህ ነው።" ሴትዮዋ ትስቃለች። መጋጠሚያው ላይ ሲደርስ ግን ጣቱ ራሱ ሄደ፤ ሁለቴ ጠመጠመ፣ ሳበ፣ አጠፈ። ሴትዮዋ መሳቋን አቁማ ጣቶቹን ትንሽ አየችና አመስግና ወጣች።

በሩ ሲዘጋ እትዬ ዳንቴል መደርደሪያው ላይ ወዳለው፣ ጉጠት በቅርቡ ወደ ጨረሰው ክዳን ግራ እጇን ዘረጋች። "ስጠኝ" አለች። ክዳኑን በግራ እጇ ተቀብላ መጋጠሚያዎቹን አንድ በአንድ በጣቷ ጫፍ ዳሰሰች።

"እሷ ምን ታውቃለች" አለ ጉጠት። "የብረት ሰው ናት።"

"መጽሐፍ ጭና አየችው እኮ" አለች ሚስቱ።

ክዳኑን መለሰችለት። እሱም አወቀ። ፍታው፣ ፍታው ስትል የኖረችው ነው የተወደደው። የእሷ፣ የሕይወቷ ሙሉ ሥራ፣ "ይተኛል" ተባለ። ያውም በገዛ ቤቷ፣ በገዛ ስሟ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጉጠት ልል አድርጎ ለማሰር ታገለ። ትንፋሹን ይዞ፣ ጣቱን እያታለለ፣ በቀን አንድ አበባ እንኳ ሳይጨርስ። በሁለተኛው ሳምንት ሚስቱ ሥራውን ወስዳ ዳሰሰችው።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"ልል አድርገው አላልሽኝም?"

"ሦስት ዓመት እምቢ ያለ እጅ ዛሬ ታዘዘ?" ሥራውን ጭኑ ላይ ወረወረችለት። "አትዘንልኝ። ማዘን ከፈለግህ ለጎረቤት እዘን። ሥራ ላይ አይታዘንም።"

በዚያው ሰሞን ቀራጺዋ ደወለች። ጋሼ ፌራዮ እንደነበሩ ሰምታለች፤ ብረቱን መጥተው ቢያስሩላት? ጉጠት ወገቤን ያመኛል አለ። ወገቡን አላመመውም። እዚያ ሄዶ በገዛ እጁ ያሰረ እንደሆነ፣ አሥራ ሁለት እርምጃ ሙሉ የሚቆመው የእሱ ቋጠሮ ነው፤ የሚስቱ ስም ደግሞ ከላዩ ላይ እንደ ውሸት ይንጠለጠላል። ሰው ሁሉ እያየ ሊቀብራት አልፈለገም።

ወር አለፈ። አንድ ከሰዓት በኋላ ቀራጺዋ ሳታንኳኳ ልትገባ ምንም አልቀራትም። ፊቷ አመድ መስሏል። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጣ የሆነውን ነገረቻቸው። ሠራተኞች ቀጥራ ብረቱን ሁሉ መሬት ላይ ዘርግታ፣ መጋጠሚያውን ሁሉ ልክ እንደ ክዳኑ ሁለቴ ጠምጥማ አጥብቃ አሳሰረች። ክሬን መጣ፣ ተነሣ። ሆድ አላወጣም። እንደ ቆርቆሮ ታጥፎ፣ አንዱ ጎን ወደ ላይ አንዱ ጎን ወደ ታች ሆነ፤ አንድ ዘንግ ተፈናጥሮ ሄዶ አጥር ላይ ተሰካ። ሰው አልነካም። የግንባታው መሐንዲስ ግን ኮፍያውን አውልቆ፣ "ወይ መሃሉ ላይ ምሰሶ፣ ወይ ቆርቆሮ ጣሪያ። እስከ ቀጣዩ ሳምንት ቅዳሜ ወስኚ" አላት።

"ምሰሶ ካቆምኩበት ጃንጥላ ነው" አለች ቀራጺዋ። "ጃንጥላ ማንም ይሠራል።"

እትዬ ዳንቴል ዓይኗን ጨፍና ስትሰማ ነበር። "ሳይሰቀል በፊት አጠበቃችሁት?"

"አዎ። እንደ እርስዎ ክዳን።"

"መሬት ላይ እንደተኛ?"

"አዎ።"

"አዬ ጉድ! ልጄ፣ መሬት ላይ እንደተኛ የጠበቀ ነገር ምን ቦታ አለውና ሆድ ያወጣል? ክር ሲሆን እርጥቡ ይቅር ይልሻል። ብረት ይቅር ይላል? ልል አድርገሽ ትሰቅይዋለሽ። ተንጠልጥሎ ሆዱን ራሱ ይፈልጋል፤ ክብደቱ የት መሄድ እንደሚፈልግ ካንቺም ከመሐንዲሱም ይልቅ እሱ ያውቃል። ሆዱን ሲያገኝ ያኔ አንድ በአንድ ታጠብቂዋለሽ። ከዚያ ትገለብጪዋለሽ።" ወደ ባሏ ሳትዞርም፣ "ይሄ ይሂድልሽ። ማጥበቅ ያውቃል" አለች።

"ወገቤ..." አለ ጉጠት።

"ወገብህ ምንም አልሆነ። ሂድ።"

ሴትዮዋ ወጥታ ውጭ ስትጠብቀው፣ ጉጠት ጫማውን እያሰረ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እጄን ያዩታል እኮ" አላት።

"ሂድ አልኩህ" አለች ሚስቱ።

በማግሥቱ ጠዋት ጉጠት ጉጠቱን ይዞ የሥራው ቦታ ደረሰ። ሁለት የድሮ ጓደኞቹንም ጠርቷል። የታሰረውን ሁሉ ፈቱት። ለማበላሸት አንድ ቀን የበቃው ለመፍታት ሁለት ቀን ጠየቀ። ከዚያ እያንዳንዱን መጋጠሚያ ጣት የሚያሾልክ ልል አድርገው አሰሩ። ክሬኑ ጠርዙን ብቻ ይዞ ከስምንት ቋሚዎች ላይ አንጠለጠለው። መጀመሪያ ብረቱ ተንቋቋ፤ ሲጢጥ፣ ሲጢጥ አለ። ከዚያ አንድ በአንድ አበባዎቹ ዘንበል፣ ዘንበል እያሉ ሆድ ወጣ፤ ለስላሳ፣ ክብ፣ የትም ቦታ ያልተሰበረ። ጉጠት ሚስቱ ኩሽና ውስጥ ስኳር ውሃው እየተንጠባጠበ ሺህ ጊዜ የሰቀለችውን ሆድ ነው ያየው።

መሐንዲሱ ሜትሩን ይዞ ሲዞረው ቆየ። "ማን ነው ያሰላው?" አለ። "ሚስቴ" አለ ጉጠት።

ከዚያ መሰላል ላይ ወጥቶ ከመሃል ጀምሮ ወደ ጠርዝ ማጥበቅ ጀመረ። ሁለት ጥምጥም፣ ሳብ፣ ጫፉን ወደ ግራ። አንድ በያጅ ከኋላ ከኋላው እየተከተለ መጋጠሚያውን በእሳት ይነካካል። ከጓደኞቹ አንዱ ከታች ሆኖ፣ "ጉጠት! ጡረታ ወጥተህ ጣትህን የት ስታሟሽ ከረምክ?" አለው። "ቤት" አለ።

በሦስተኛው ቀን ቀራጺዋ በሌላ መሰላል አጠገቡ ወጣች። ያንን የክር ክዳን ይዛለች። አንዴ ክዳኑን፣ አንዴ ከእጁ ሥር የሚወጣውን ቋጠሮ አየች።

"ጋሼ።"

"አቤት።"

"ሁለት ጥምጥም፣ ጫፉ ወደ ግራ።"

እጁን አቆመ።

"እማማ አይደሉም" አለች።

"ልጄ" አለ ጉጠት፣ "ያየሽውን አላየሽም።"

"ግን እኮ የእርስዎ ሥራ..."

"እኔ አርባ አንድ ዓመት ስሜ የትም ሳይጻፍ ሠርቻለሁ፤ አንድ ቀን አልራበኝም። እሷ ግን ከስሟ በቀር ምን ቀራት? አንቺም ብትሆኚ ያቺን ሴት አትግደይብኝ።"

ሴትዮዋ ክዳኑን ደረቷ ላይ አስጠጋችውና ራሷን ነቀነቀች።

ቅዳሜ ገለበጡት። ጠርዙ ላይ የተበየዱለት ስምንት እግሮች መሬት ነኩ። መሐንዲሱ የአሸዋ ከረጢት አንድ በአንድ አስጫነበት፤ አምስት፣ ስምንት፣ አሥራ አንድ። ንቅንቅ አላለም። በመጨረሻ ኮፍያውን አድርጎ፣ "ምሰሶውን ለሌላ ሥራ አቆየዋለሁ" አለ። ፀሐይ ነበረች፤ ሲሚንቶው ወለል ላይ ነጭና ጥቁር አበባ ተዘርግቷል።

ጉጠት ቤት ገብቶ፣ "ቆመ" አላት። "የት ይሄዳል" አለች። ፊቷን ግን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ቀራጺዋ በሳምንቱ መጣች፣ አንዲት ወረቀት ይዛ። ግቢው በር ላይ የሚለጠፈው ሰሌዳ ጽሑፍ ነው። "ላንብብልዎት?" አለች፣ ጉጠትን በዓይኗ እየሸሸች። ጽሑፉ አጭር ነው፤ ይህ ጥላ ከእትዬ ዳንቴል እጅ ሥራ የተወሰደ መሆኑን፣ ንድፉም አያያዙም የእሷ መሆኑን ይላል።

"እስቲ ድገሚው" አለች እትዬ ዳንቴል።

ደገመችው።

"'አያያዙም' የሚለውን ማን ጻፈው?"

ቀራጺዋ ጉጠትን አየች። ጉጠት ጣሪያውን አየ።

"አሃ" አለች ሚስቱ። "ተማክራችኋላ።" ግራ እጇን ከፎጣው ሥር ሰደደችና ቀኝ እጇን አንጓዋ ላይ ይዛ አወጣችው፤ እንደ ተኛ ሕፃን በጥንቃቄ ጠረጴዛው ላይ፣ ወረቀቱ አጠገብ አኖረችው። ከሦስት ዓመት ወዲህ ሰው ፊት የወጣበት ቀን አልነበረም። ቀጥኗል፤ ጣቶቹ ወደ ውስጥ ታጥፈዋል።

"ይህችን እዪ፣ ልጄ። ያንቺን ክዳን የሠራችው እሷ አይደለችም።"

"አንቺ!" አለ ጉጠት፣ ከመቀመጫው ተነሥቶ። "እኔ እኮ ምያለሁ!"

"የማልከው አንተ ነህ። እኔ አልማልኩም።"

ቀራጺዋ አፏን በእጇ ያዘች። እትዬ ዳንቴል ዓይኗ ሞልቶ ነበር፤ ድምፅዋ ግን ያው የወትሮው ነው። "ንድፉ የእኔ ነው፤ ማንም አይነካብኝ። መሰቀሉም የእኔ ነው። መጽሐፉን የተሸከመው ግን ስድብ ሳጠጣው የኖርኩት የዚህ ሰውዬ ቋጠሮ ነው። አንቺ መጥተሽ ስትነግሪኝ ያን ቀን የምሞት መስሎኝ ነበር። አልሞትኩም። ሁለታችንንም ጻፊ።"

"የማንን ላስቀድም?" አለች ቀራጺዋ እንባዋን እየጠረገች።

"ይሄ ይጠየቃል? የእኔን።"

"ድሮስ" አለ ጉጠት።

"የሱን ከታች፣ ትንሽ አድርገሽ..." ብላ አሰበች። "ኧረ እኩል አድርጊው። ኋላ አኩርፎ ወጥ አይበላልኝም።"

ሴትዮዋ ወረቀቱን አስተካክላ ሄደች። ባልና ሚስት ብቻቸውን ቀሩ። ጉጠት እጇን መልሶ ሊሸፍንላት ፎጣውን ቢያነሣ፣ "ተወው፣ ይሞቀኛል" አለች። ከዚያ በእግሯ የክሩን ቅርጫት ወደ እሱ ገፋችው።

"እስቲ ያንን የአንተን አሳየኝ።"

"ምኑን?"

"ማነቁን ነዋ።"

"በምን እጅሽ?"

"ይህ ምን ሊሠራ ነው የተንጠለጠለው?" አለች ግራዋን ከፍ አድርጋ።

መርፌውን ግራ እጇ ውስጥ አኖረላት። ሁለት አበባ አንሥቶ ጫፍ ለጫፍ ያዘላት። ክሩ አንዴ ዞረ፤ ሁለተኛውን ሳተች። እንደገና ዞረ። መርፌው ወደቀ፤ አንሥቶ ሰጣት። ሦስተኛው ላይ ሁለቱም ጥምጥም ያዘ። ጉጠት ጎንበስ ብሎ በአውራ ጣቱ ጫነው። ላላ።

"ሳቢው" አላት።

"ሳብኩት።"

"አልሳብሽውም። ሲሚንቶ ቢፈስበት..."

"አንተ ሰውዬ፣ እዚህ ቤት ሲሚንቶ የሚያፈስ ማን ነው?"

"ይኸው፣ የስንዴ ፍሬ ያሳልፋል።" ትንሽ አመነታ፤ ከዚያ፣ በሠላሳ ስምንት ዓመት ትዳሩ ደፍሮ የማያውቀውን ቃል ተናገረ። "ፍቺው።"

እትዬ ዳንቴል ቀና ብላ አየችው። የሚመጣበትን ለመቀበል አንገቱን ቀበረ። እሷ ግን ጎንበስ ብላ፣ በግራ እጇ፣ ክሩን መፍታት ጀመረች።